ማቤልን ጣሪያ ላይ ያስቀረው ኮምፒዩተር

ዊልፍ ኮምፒዩተሩን ከእርግቦቹ ቤት አጠገብ ያለች የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያስገባው ወዶ አይደለም። ሚስቱ ሜቪስ ማሳያ ካደረገለት አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ከሳሎን አባርራው ነው።

የዚያን ቅዳሜ የመንደሩ እርግብ አብራሪዎች ማኅበር በኮምፒዩተሩ ጉዳይ ሊወስን ነበር። እርግቦቹ ፈረንሳይ ተለቀው እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ወዳለው የየባለቤታቸው ቤት ይበራሉ፤ ርቀቱ ለፈጀው ጊዜ ተካፍሎ አሸናፊው ይለያል። ይህን ሠላሳ ዓመት በእርሳስ ሲሠራ የኖረው የአጥር ጎረቤቱ ሴድሪክ ነው። ማሽኑ ከሴድሪክ ቀድሞ ውጤት ካወጣ ማኅበሩ ይቀበለዋል፤ ካልሆነ ዊልፍ ዳግመኛ ስሙን አያነሳም። ዊልፍ ደግሞ ለፕሮግራሙ ሲል ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል።

ይህ ማሽን ታዲያ ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ፕሮግራሙ እንደገና ከካሴት ይገባል፤ ካሴቱ ስድስት ደቂቃ ሙሉ እየጮኸ፣ ጆሮ እየበሳ። መሃል ላይ ካቋረጡት እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

ዊልፍ ሁለቴ ሞክሮ ከሸፈበት። ሦስተኛውን እንደጀመረ የሱ እርግብ ማቤል ብቅ አለች፤ ከመንደሩ እርግብ ሁሉ ቀድማ! ጣሪያው ላይ አረፈች፣ ጩኸቱን ሰማች፣ ደርቃ ቀረች። የእግሯ ቀለበት ወልቆ፣ እያንዳንዱ አብራሪ ቤት ያለው የመድረሻ ጊዜ መዝጋቢ ሰዓት ውስጥ ካልገባ ደግሞ መምጣቷ አይቆጠርም።

"ማቤልዬ፣ ነይ የኔ እመቤት! በቆሎ አለልሽ!"

ማቤል ጀርባዋን ሰጠችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ንቀለው እንጂ ያንን ጉድ!" አለች ሜቪስ ከኩሽናው መስኮት። "እኔም ብሆን አልገባም!"

"ትንሽ ነው የቀረው! ካቋረጥኩት ዳግመኛ እምቢ ቢለኝስ?"

"የሴድሪክ እርግብ ገባች እኮ! ከዚህ ይታየኛል።"

ዊልፍ ሊነቅለው ሶኬቱን ያዘ። ማቤልን ከጫጩትነቷ ጀምሮ በእጁ ነው ያሳደጋት። ግን ክረምቱን አሰበና እጁን ሰበሰበ።

ጩኸቱ ሲቆም ፕሮግራሙ ገባ። ማቤልም ገባች፤ ተኮፍሳ፣ ከሴድሪክ እርግብ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ።

አባላቱ ሰዓታቸውን ይዘው ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተጨናነቁ። ዊልፍ ቁጥሮቹን መትቶ አስገባ። ሴድሪክ በእርሳሱ የመጀመሪያውን መስመር አስልቶ ሳይጨርስ ውጤቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ፦ አንደኛ ሴድሪክ፣ ሁለተኛ ዊልፍ።

ሴድሪክ መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበና እርሳሱን ኪሱ ከተተ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሸነፍኩ ቁጥር 'ራሱ ደምሮ ራሱ አሸነፈ' ስትሉኝ ኖራችኋል" አለ። "ይሄ ማሽን ግን የዊልፍ ነው። በሉ አሁን ምን ትሉኛላችሁ? ማሽኑ ይቆይልን!"

ሁሉም እጁን አወጣ። ዊልፍም የራሱን አወጣ።

ክረምቱን ሙሉ የተመኘውን አገኘ። ሊስቅ ሞከረ፣ ፊቱ እምቢ አለው። ምሽት ላይ ለማቤል በቆሎ ይዞላት ሄደ፤ ከመዳፉ አልበላም አለች።