ስል መርፌ በኅዳር ሚካኤል

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ ስፌት ሲተረተር የሚጠየቀው መርፌው ነው ወይስ መልአኩ?

አዲስዓለም ይህን የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ አልነበረም። ከአጅማን ወደ ዱባይ በሚሄደው አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ የጋሽ ካሳዬን የድምፅ መልእክት እንደገና ታዳምጣለች። ጋሽ ካሳዬ የማኅበራቸው ሰብሳቢ ናቸው። መልእክቱን የላኩት ለእሷ አይደለም፤ አባላቱ ሁሉ ወዳሉበት የዋትስአፕ ግሩፕ ነው።

"እህት ወንድሞች፣" ይላል ድምፁ፣ "በገብርኤል ዕለት፣ እዚያው ሻርጃ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕዝብ ቆሞ ሳለ የኔ ዳዊት ከነማኅደሩ መሬት ወድቋል። ማንጠልጠያው ከስፌቱ ተተርትሮ! ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ እህታችን አዲስዓለም የሰፋችው በኅዳር ሚካኤል ኖሯል። በበዓል ቀን የተሰፋ ነገር እንዴት ይጸናል? ለፋሲካ ለሰንበት ተማሪዎች የሚሰፋውን ማኅደር ለማን እንደምንሰጥ ዛሬ እንወስናለን።"

ከሥሩ "እግዚኦ" ያለ አለ፤ የተጣመሩ እጆች የላከ አለ። አንዷ ደግሞ "የኔም ላላ ብሏል፣ እኔማ ጠርጥሬ ነበር" ብላለች። ስትቀበለው ግን ማኅደሩን ስማ፣ "እጅሽ ይባረክ" ብላ ነበር።

አዎ፣ በኅዳር ሚካኤል ሰፍታለች። በቤት ሠራተኝነት የቀጠረቻት ማዳም የዕረፍት ቀን የሰጠቻት ያን ዕለት ነበር፤ የማዳም ቀን መቁጠሪያ ሚካኤልን አያውቅም። ደግሞስ በዚያ ዕለት ከማኅበሩ አባላት ማን ነው እጁን አጣጥፎ የዋለው? አንዷ የማዳሟን መጸዳጃ ቤት ስታሽ፣ ሌላዋ የአንድ ቤተሰብ ልብስ ከጠዋት እስከ ማታ ስትተኩስ ውላለች። በሚካኤል የተተኮሰ ልብስ ተቀደደ፣ በሚካኤል የታጠበ ወለል ተሰነጠቀ ሲባል አልሰማንም። ለማዳም ሲሠራ ሹግል፣ ማለትም ሥራ፣ ነው፤ ሰው ለራሱ ሲሠራ ግን ኃጢአት ይሆናል! ይህን እምነት ብሎ የሚጠራ ሰው እምነትን ይሰድባል።

ለአዲስዓለም ጉዳዩ ከወሬ በላይ ነበር። ኮንትራቷ ከፋሲካ በኋላ ያልቃል። ደብረ ብርሃን ተመልሳ የቆዳ ሥራ ልትከፍት ወስናለች፤ ሙያውን የተማረችው ከማዳም ወጥ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍሏ፣ ከስልክ ቪዲዮ እያየች ነው። የፋሲካው ማኅደር የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ፣ ለአገር ቤት ደንበኛም የምታሳየው መታወቂያዋ ነበር። ስሟ እዚህ ከጠፋ ደግሞ ወሬው ደብረ ብርሃን ከእሷ ቀድሞ ይገባል።

ዱባይ አል ሙራቃባት ስትደርስ ጓደኛዋ ኑኑ በጋራ ክፍል በተከራየቻት አልጋ፣ በቢድ ስፔሷ፣ ከታችኛው አልጋ ጫፍ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ኑኑ በውበት ሳሎን ጸጉር ትሠራለች፤ የአዲስዓለም ቆዳና ክር የሚቀመጠውም ከእሷ አልጋ ሥር ነው።

"ሰማሽው አይደል?" አለች ኑኑ።

"ሰማሁት። የሰፋሁልሽን ማኅደር አምጪ።"

"ኧረ ቀስ! ዳዊቱ ውስጡ ነው።"

"አውጪውና ስጪኝ። ልፈታው ነው።"

"ደኅናውን ማኅደሬን?"

"ደኅና መሆኑን አሁን እናየዋለን።"

አዲስዓለም በምላጭ ጫፍ ስፌቱን ከአንድ ጥግ ፈታችው። ክሩን ነጭ አንሶላ ላይ ዘርግታ በስልኳ ካሜራ አቅርባ አየችው። አሮጌ ክር ሲበጠስ ጫፉ ይሳሳል፤ ይሄኛው ግን መካከሉ ላይ ተሰንጥቆ እንደ ጸጉር ተበትኗል። እዚህ አንድ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ፣ በየቀዳዳው ልክ።

"ይሄ አልተበጠሰም፣" አለች፤ "ተወግቶ ነው የተቆረጠው።"

"ማን ወጋው?"

"እኔ። በራሴ መርፌ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የቆዳ የእጅ ስፌት በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ይሠራል፤ በክሩ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይታሰርና አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ በዚያው ቀዳዳ ይተላለፋሉ። አንደኛው አልፎ ክሩ ቀዳዳው ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሁለተኛው ይገባል። ሁለተኛው ስል ከሆነ የተኛውን ክር ይበሳዋል። አዲስዓለም ደግሞ መርፌዎቹን የመረጠችው አገሯ ወስፌ በሚመረጥበት መንገድ ነው፦ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አስደግፋ፣ የሚንሸራተተውን ትታ የሚነክሰውን አነሳች። ጫፉ ሦስት ማዕዘን ሆኖ እንደ ምላጭ የሚቆርጠውን፣ ከሱቁ ሁሉ ስሉን። ለሰፌድና ለሌማት ትክክል ነው። ወስፌ ይበሳል፣ አክርማው ያልፋል፤ ቀዳዳው ውስጥ የሚጠብቅ ሌላ ክር የለም። ለሁለት መርፌ ስፌት ግን መርዝ ነው።

ኑኑ ጉዳዩ ሲገባት ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አዲሴ፣ ዝም በይ። ሚካኤል ይሻልሻል።"

"ምን?"

"ሚካኤል ነው ካሉሽ ንስሐ ገብተሽ ያልቃል። መርፌ መምረጥ አታውቅም ካሉሽ ግን ዕድሜ ልክ ነው!"

አዲስዓለም ከአልጋው ሥር ክሯን፣ ወስፌዋንና አሮጌውን መርፌ አወጣች። ከቁራጭ ቆዳዎች ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች።

"ያላ፣ ቡር ዱባይ እንሂድ።"

በአብራ፣ በትንሿ የማመላለሻ ጀልባ፣ ተሻገሩ። የሰዒድ ሱቅ ከጨርቅ መደብሮቹ ጀርባ ነው። ሰዒድ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ነጋዴዎች ቆዳና ዘለበት እየሸጠ ጥቂት አማርኛ ለቃቅሟል፤ የጎደለውን በዓረብኛ ይሞላዋል።

"እንደምን አለሽ እህቴ! ዛሬም ስል መርፌ?"

"ዛሬ የማይወጋ መርፌ ስጠኝ። ጫፉ ዱልዱም የሆነውን።"

ሰዒድ ከመነጽሩ በላይ አያት። "ዋላሂ፣ ሀበሻ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሁሉም ጥፍሩ ላይ ይሞክርና ስሉን ይላል።"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?"

"ለደንበኛ 'የምትፈልገውን አታውቅም' ልበል? ሱቄን ልዝጋው?"

"የእሱንም ቀን ልንጠይቅ ይሆን?" አለች ኑኑ። "መርፌውን የሸጠልሽ በየትኛው በዓል ነው?"

ሰዒድ ነገሩ ባይገባውም አብሯቸው ሳቀ፤ ሣጥኖቹንም ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አዲስዓለም አንድ በአንድ ሞከረች። ወፍራሙን በወስፌ በከፈተችው ቀዳዳ አስገባችው፤ በጥርስ ካልተጎተተ አላልፍ አለ፣ ሲወጣም ቀዳዳውን አስፍቶ ወጣ። ወደ ጎን ገፋችው። ቀጭኑን ያዘች፤ በሰም የታሸው ክር በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ብሎ ጫፉ ተበታተነ። እሱንም ገፋችው። መካከለኛውን ስትሞክር ክሩ በትንሽ ትግል ገባ፤ መርፌው ቆዳውን እየታከከ ግን ሳያስጨንቅ አለፈ። አውራ ጣቷን ጫፉ ላይ አድርጋ ጫነችው። አልወጋትም።

"ይሄ ነው፣" አለች።

"ታዲያ ይህ ቆዳ ይበሳል?" አለች ኑኑ።

"መብሳት የወስፌ ሥራ ነው። የመርፌ ሥራ ማለፍ ብቻ ነው። ስልክሽን አውጪና ቅረጪ።"

ባንኮኒው ላይ ሁለት ቁራጭ ሰፋች፤ አንዱን በአሮጌው ስል መርፌ፣ ሌላውን በአዲሱ ዱልዱም። ክሩ አንድ ነው፤ ቆዳውም አንድ ነው፤ እጁም ያው የእሷ እጅ ነው። የመጀመሪያውን ሰዒድና ኑኑ ከሁለት ወገን ያዙና ጎተቱ። ጠጥ፣ ጠጥ፣ ጠጥ ብሎ እስከ ጫፉ ተተረተረ። ሁለተኛውን ሲጎትቱ ኑኑ ወደ ኋላ ተንደርድራ ከዘለበት መደርደሪያ ጋር ተጋጨች፤ ቆዳው ተወጠረ እንጂ ስፌቱ ንቅንቅ አላለም።

"ኸላስ፣ በቃ!" አለ ሰዒድ፣ እጁን እያራገፈ። "ሱቄን ታፈርሱታላችሁ!"

ከሱቁ እንደወጡ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ካሳዬ ነበሩ። አዲስዓለም ድምፁን ከፍ አድርጋ ኑኑም እንድትሰማ ስልኩን በመካከላቸው ያዘችው።

"ልጄ፣ ተቀየምሽኝ መሰለኝ፣" አሉ። "እኔ ላንቺው ብዬ ነው። ሙሽኪላ፣ ችግር አልፈልግም። ግሩፑ ላይ 'በበዓል ቀን ሰፍቼ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ' ብለሽ ጻፊ። የፋሲካው ሥራ ያንቺ ነው፤ አሁኑኑ አስወስናለሁ።"

ኑኑ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

"ጋሽ ካሳዬ፣ የተተረተረው በመርፌው ነው፣" አለች አዲስዓለም። "የተሳሳተ መርፌ መርጬ ነው። አሁን አረጋግጫለሁ፣ ቪዲዮም አለኝ።"

"መርፌውን ተዪው! ሰው መርፌ አይገባውም። ሚካኤል ይገባዋል።"

"ውሸት ከሆነስ?"

"ይቅርታ መጠየቅ ምን ውሸት አለው? ዝቅ ማለት ነው፣ ልጄ።"

"እርስዎ በኅዳር ሚካኤል የት ዋሉ?"

"እ?"

"ያን ዕለት የት ዋሉ ነው የምልዎት።"

"መኪና ላይ ነዋ! ከጀበል አሊ ዕቃ ሳመላልስ። አለቃዬ ይለቀኛል እንዴ? የኔ የግድ ነው።"

"እሺ ጋሽ ካሳዬ፣" ብላ ዘጋችው።

ኑኑ ጭንቅላቷን ያዘች። "አዲሴ፣ ሥራውን በእጅሽ ሰጡሽ እኮ! አንድ መስመር ነው! መርፌው አሁን ተገኝቷል፤ የፋሲካውን በደንብ ትሰፊዋለሽ፣ ማን ያውቃል?"

"ቀጥሎ ደግሞ የአንቺ ጸጉር ማስተካከያ ሲቃጠል የየትኛው መልአክ ጥፋት እንደሆነ ይነግሩሻል፣" አለች አዲስዓለም። "እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ግን ላጠፋሁት።"

አብራው መሳፈሪያ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ ያህል ጽፋ አጠፋች፤ በጣም የተቆጣውን ሰረዘች፣ በጣም የለዘበውንም ሰረዘች። በመጨረሻ ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ለቀቀችና ከሥሩ ይህን አስቀመጠች፦

"ጋሽ ካሳዬ፣ ዳዊትዎ የወደቀው በእኔ ጥፋት ነው። ስል መርፌ መርጬ ክሬን ራሴ ቆራርጬዋለሁ። እርስዎንም ሁላችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ማኅደሮቹን በሙሉ ፈትቼ በትክክለኛው መርፌ መልሼ እሰፋለሁ። የፋሲካውን ሥራ ለሌላ ብትሰጡትም እሰፋቸዋለሁ። ሚካኤል ግን ማኅደር አይተረትርም። በዚያ ዕለት እርስዎ መኪና ሲነዱ ውለዋል፣ እኔ ስሰፋ ውያለሁ። የእርስዎ ሥራ ግዴታ፣ የእኔ ኃጢአት የሆነው በምንድን ነው? በግል አይደውሉልኝ፤ አላነሳም። የከሰሱኝ ሁሉ ሰው በሰማበት ነው፤ እዚሁ፣ ሁሉ ሰው በሚሰማበት ይመልሱልኝ።"