ወደ ኋላ መራመድ ክልክል ነው

«የትምህርት ቤታችን አስተዳደር በጥልቀት ተወያይቶ በወሰነው መሠረት፣ ከዛሬ ማክሰኞ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ወደ ኋላ መራመድ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናሳውቃለን።»

ርዕሰ መምህሩ አቶ ዋልልኝ ይህን በሰልፉ ላይ አነበቡና፣ ለጉና ተራራ ብርድ የማይለያቸውን ቡናማ ካፖርት ቆልፈው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ተማሪው ሳቀ። የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርቷ ፍሬሕይወት ግን አልሳቀችም። ተማሪ የኋሊት ያስኬደች እሷ ናት፤ ይሄ ደግሞ ምኑ ያስቆጣል?

ዓርብ ዕለት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ተማሪዋን ፈንቴን በግቢው የኋሊት አስኬዳ በስልኳ ቀረጸቻት። ቪዲዮውን ገልብጣ ስታጫውተው ፈንቴ ወደ ፊት ተራመደች።

«የኋሊት መሄዷ ኔጋቲቭ፤ ቪዲዮው መገልበጡ ሌላ ኔጋቲቭ። ሲባዙስ?»

«ፖዘቲቭ።»

«ቲቸር፣ አህያዋ ግን የኋሊት እየሄደች ነው» አለ አንዱ፣ ከአጥሩ ማዶ የምታልፈውን አይቶ።

«እሷማ ዱሮም ወደ ፊት ነበረች። ፖዘቲቭ በኔጋቲቭ፣ ኔጋቲቭ።»

የተገለበጠውን ቪዲዮ ለወላጆች በቴሌግራም ላከችው።

ሰኞ የዕቃ ቤቱ የሶላር ባትሪ ጠፍቶ ተገኘ። በጓሮ በኩል፣ ጭቃው ላይ፣ ከአጥሩ ወደ ዕቃ ቤቱ የሚገባ ዱካ እንጂ የሚወጣ የለም። ሌባው ታዲያ ዱካ በማይዘው በፊት ለፊቱ ኮብል ድንጋይ ወጥቷል፣ በዋናው በር ያሳለፈውም ዘበኛው ነው ተባለ። ዘበኛው ጋሽ ማሩ «የወጣ ሰው አላየሁም» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ይኸው ዛሬ ሚሊሻ ሊወስዳቸው መጥቷል።

ፍሬሕይወት ቪዲዮውን ደግማ ከፈተችው። አህያዋ የኋሊት። ነጂዋ ሴትዮ የኋሊት። የጎረቤት ጭስ እንኳ ወደ ጣራው ይመለሳል። በዕቃ ቤቱ ጓሮ ግን አንድ ሰው፣ በጋቢ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፎ፣ ከአጥሩ ወደ ዕቃ ቤቱ ደህና አድርጎ ወደ ፊት ይራመዳል። እዚህ ደህና የሚራመድ፣ ያኔ የሄደው የኋሊት ነው፤ ዱካው የሚገባ የመሰለውም ለዚህ ነው። ካፖርቱ ቡናማ ነው።

ስልኳ ላይ ጥቂት ነካክታ ወደ ቢሮው ገባች።

«ጋሼ፣ ከፈንቴ ሌላ ሁሉ የኋሊት ሲሄድ እርስዎ ብቻ እንዴት ወደ ፊት ሄዱ?»

አቶ ዋልልኝ የዘረጋችላቸውን ቪዲዮ አዩት፤ ደግመው አዩት። ተነሡና፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ፣ የኋሊት እየተራመዱ በሩ ዘንድ ደርሰው ቁልፉን አዞሩት።

«ሌላ ማን አይቶታል?»

«ወላጅ ሁሉ ከዓርብ ጀምሮ ያየዋል፤ ደህና ስለሚራመዱ ልብ ያለ የለም እንጂ። ስሌቱን ግን አሁን ለሚሊሻው ልኬለታለሁ።»

በመስኮቱ፣ ስልኩ ላይ ያጎነበሰው ሚሊሻ ቀና አለ። እጁን ከጋሽ ማሩ ትከሻ አነሣ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ።

«ጋሽ ዋልልኝ፣ ይክፈቱና ያስረዱን።»

«አላስረዳም» አሉ፣ በሩን በጀርባቸው ተደግፈው፤ ከዚህ ወዲያ ወደ ኋላ መራመጃ አልነበራቸውም።