እግር ያላቸው ወፎች

ኔህሪ የስንቱን ወፍ እግር እንደቆረጠ ራሱም አያውቀውም። በዓባይ ምዕራብ ዳርቻ የሬሳ ሣጥን ጸሐፊ ሥራው ይኸው ነው፤ የሟቹን ስምና ጸሎቱን በሥዕል ፊደል ይጽፋል፣ እባብ ሲመጣ ጅራቱን ይጎምዳል፣ ወፍ ስትመጣ ከሆዷ በታች ሳይሥል ይተዋታል። ለቤተ መቅደስ ግድግዳ ቢሆን ሙሉዋን ይሥላት ነበር። ሣጥን ውስጥ የተጻፈ ግን ካህኑ ሲያነብበት ነፍስ ይዘራል፤ እግር ያላት ወፍ ተነሥታ ለወዲያኛው ዓለም የተጻፈለትን የሟቹን ዳቦ ትለቅማለች። በሟች ዳቦ ደግሞ ማንም አይቀልድም።

ታላቅ እህቱ ሲትወር ግን የማትቀልድበት ነገር አልነበረም። በልጅነቷ ከታመመች ወዲህ እግሯ አልታዘዛት ብሎ፣ ጠዋት ኔህሪ ተሸክሞ ደጃፍ ያወጣታል፣ ማታ ተሸክሞ ያስገባታል። ዳቦዋን እየፈረፈረች ለወፎች ስትበትን፣ አላፊ አግዳሚውን ስትተርብ ትውላለች። መላጣው ካህን ሄካይብ እንኳ አልቀረላትም። «አባቴ፣ ራስዎን ይሸፍኑ! ወፎቼ እንቁላል መስሏቸው ይታቀፉታል!» ትለዋለች። ካህኑ የተቆጣ መስሎ ያልፋል።

የዓባይ ሙላት በሸሸ ሰሞን ሳል ጣላት። እንደማትነሣ ሁለቱም ስላወቁት፣ ኔህሪ ሣጥኗን እዚያው ግቢ ውስጥ ጀመረ።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለችው አንድ ቀን፣ ግድግዳ ተደግፋ።

«ይኸው እትዬ። ዝይዋ፣ ቀጥሎ ትንሿ ወፍ።»

«እግራቸውስ?»

«ታውቂው የለ? ሣጥን ላይ እግር አይጻፍም።»

ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። «ዕድሜዬን ባንተ ጀርባ ኖርኩ። ወዲያኛው ዓለም የሸምበቆው መስክ ስደርስ በእግሬ እሄዳለሁ ስል፣ ገና በሩ ላይ ስሜን ሽባ ታደርግብኛለህ? ወንድሜ ነህ ወይስ ባላጋራዬ?»

«ዳቦሽን ይበሉብሻላ!»

«እስከዛሬስ የማንን ሲበሉ ኖሩ? እግር ጻፍልኝ። በል ማልልኝ።»

ማለላት። ብዙም አልቆየች።

በቀብሯ ዋዜማ ሄካይብ ሣጥኑን ሊያይ መጣ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እግር ነው፣ አባቴ።»

«እግር መሆኑንማ አያለሁ! ስትጽፍ አርጅተህ ዛሬ ጠፋህ? ለገዛ እህትህ ረሃብ ትጽፍላታለህ? ፋቀው! ነገ እግር ካገኘሁ አፌን አልከፍትም።»

ካላነበበ ደግሞ ስሙም ዳቦውም ደረቅ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ኔህሪ ቢላውን አንሥቶ ዝይዋ እግር ላይ አሳረፈው። ያቃጠለው ካህኑ ልክ መሆኑ ነበር፤ እግሩን ቢተውላት ትራባለች፣ ቢፍቀው ስትድህ ትኖራለች። ቢላውን እንደያዘ ወደ ደጃፉ ቢወጣ ወፎቹ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተሰብስበው እየጠበቁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ «እህል በላብ ነው የሚመጣው!» እያለ ሲያባርራቸው የኖረ ሰው፣ የምሳ ዳቦውን ፈርፍሮ በተነላቸው። ከዚያ ገብቶ ቢላውን አስቀመጠና ብሩሹን አነሣ።

በማግስቱ መቃብሩ አፍ ላይ ሄካይብ ክዳኑን አስነሥቶ አየ። እግሮቹ እንዳሉ ናቸው። ፊቱ ጠቆረ። ጣቱን ወደ ታች ሲያወርድ፣ ለሟች ሁሉ «ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ» ተብሎ ከሚጻፍበት መስመር ደረሰ። ከዳቦው ጎን የሺህ ምልክት የሆነችው ቅጠል ሁለት ጊዜ ተጽፋለች።

«ሁለት ሺህ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአንዲት ሴት?»

«እንግዳ ይበዛባታል፣ አባቴ።»

ሄካይብ ጣቱን ከቅጠሎቹ ላይ አላነሣም። ለቀስተኛው መንሾካሾክ ጀመረ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ያዘ፤ ዳቦው ላይ ሲደርስም «ሁለት ሺህ» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበው። እህቱ ከሞተች ጀምሮ ዕንባ ጠብ ያላለው ኔህሪ እዚያ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ንባቡ አለቀ። ሄካይብ የትከሻውን ጨርቅ አነሣና መላጣውን ሸፈነ።