ድንች ሚዛን ላይ የወጣው ሲሊንደር

ወዳጄ፣ ሲስተር ኒካኖራ በዚያ ጠዋት የጋዝ ሲሊንደር እንደ ሕፃን አቅፋ የሆስፒታሉን ደረጃ ስትወርድ ብታያት፣ አንቺም እንደ ዘበኛው አበደች ትያት ነበር። እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው። መንገዱን ተሻግራ በቀጥታ ድንች ተራ ገባች። የክርስትና ልጇ ዊልማ በእናቷ መደብ ላይ ቆማ ትሸጣለች።

"መዝኚልኝ" አለቻት።

"ምርቃትም ልጨምርበት?" ብላ ሳቀች ዊልማ።

የባዶው ክብደት ሲሊንደሩ አንገት ላይ ተቀርጿል፤ አሥራ አራት ኪሎ። ሚዛኑም ከአሥራ አራት ትንሽ ብቻ አለፈ። ዊልማ ሳቋን ዋጠች። እናቷ ሳቱርኒና በዚያች ሰዓት ቀዶ ጥገና ክፍል ተኝታ ይሄንኑ ጋዝ ነበር የምትጠብቀው።

የሐሞት ጠጠር በትንንሽ ቀዳዳ እንዲወጣ ሆድ በዚህ ጋዝ መነፋት አለበት፤ ካልተነፋ ሐኪሙ አያይም። ጋዙ ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ፈሳሹ ተሟጦ እስኪያልቅ የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አይልም። መመዘን ነው እንጂ መርፌ አይታመንም። ኒካኖራ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን የሆስፒታሉ ሚዛን ከተበላሸ ወዲህ መርፌውን እያየች መፈረም ለምዳለች። ዛሬም "ሙሉ" ብላ ፈርማለች። ወደ አልጋው ልታስጠጋው ስታነሳው ነው እጇ ላይ የቀለላት። ሌላ ሲሊንደር የለም፤ ከኦሩሮ ከተማ የሚያመጣው መኪና መንገድ ተዘግቶበት አምስት ቀኑ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር አራንሲብያም ከሱክሬ ከተማ የሚመጣው በወር አንዴ ነው።

ስትመለስ ዶክተር አራንሲብያ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል። የሆነውን ነገረችው።

"መርፌው አረንጓዴው ላይ ነው። በድንች ሚዛን ታስቆሚኛለሽ?"

"በዚያ ሚዛን የገዛ ሰው ጎደለብኝ ብሎ አያውቅም፣ ዶክተር።"

"መሃል ላይ ካለቀ በሰፊው እንከፍታታለን፣ በቃ።"

"ጆንያ ተሸክማ የምታድር ሴት ናት። በሰፊው ከተከፈተች ስንት ወር ልትተኛ ነው?"

ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሙሉ ነው ብለሽ የፈረምሽው እኮ አንቺ ነሽ" አላት።

ይሄኛው ወጋት። ሄዳ ሳቱርኒና ራስጌ ቆመች። ስለ መርፌውም፣ ስለ ፊርማዋም፣ ስለ ሚዛኑም አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት።

"አበልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ አይሆንም።"

ሳቱርኒና ሌሊቱን በሕመም ስትገላበጥ ያደረች ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"ሌላ ወር ሙሉ?" አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኒካኖራ ትከሻዋን ልትነካት እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ማርያምን በልቧ ጠርታ የፈረመችበትን መዝገብ ገለጠች። "ሙሉ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ማንም እንዲያነበው አድርጋ። ከጎኑ "ሊያልቅ የደረሰ" ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሙሉ ስሟን ፈረመች። ዶክተሩ አየት አድርጎ ጓንቱን አወለቀ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ መፍረዱን ተዪውና ስትጸልዪ፣ ያ መንገድ እንዲከፈትላቸው አንድ አባታችን ሆይ ጨምሪላቸው።