ከጅዳ የመጣው ሃርድ ዲስክ

ወይዘሮ ጸሐይነሽ «ዋሴዬን! ዋሴዬን!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ይስማው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«እትዬ ጸሐይነሽ፣ የስልኩ መስመር መጣ እንዴ?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሴትዮዋ እጃቸውን እንዳነሡ ቀሩ። አጎቱ ክንዱን ይዘው አስቀመጡትና «ደንግጦ ነው» አሉ ለሰዉ። ይስማው ግን የጠየቀው እውነቱን ሊያውቅ ፈልጎ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሠርካለም ከጅዳ ገብታ ነበር። የዝቋላ ልጅ ናት፤ እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ ከዋሴ ጋር በአገር ልጅነት ይጠያየቁ ነበር። ይስማው ሰቆጣ ገበያው ዳር ጌም የሚያጫውትባት አንዲት ክፍል አለችው። ኮምፒውተሩን የላከለት ታላቅ ወንድሙ ዋሴ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር አዲስ ላከለት፤ ሠርካለም በሻሽ ጠቅልላ አደረሰችው። ስታቀብለው ዓይኑን አላየችም። «ወንድሜ ደኅና ነው?» ቢላት «መንገዱ ጎድቶኛል» አለችና ወጣች።

ይስማው አዲሱ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ጫነ፤ የመኪና እሽቅድምድሙንም ኳሱንም ከአሮጌው ገለበጠ። ሊከፍታቸው ሲል አንዱም እሺ አላለም። ሲጫናቸው «የጎደለ ፋይል አለ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የመጫኛ ሲዲዎቹ ተጫጭረው ከተጣሉ ቆይተዋል።

እንዲህ ሲቸግረው ለዋሴ ይደውላል። ዋሴ ጅዳ ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ውስጥ እንደሚሠራ ነግሮታል። ችግሩን ሰምቶ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «አሁን ደንበኛ ቆሞብኛል፤ ነገ በዚህ ሰዓት ደውል።» በነጋታው እያንዳንዷን ነገር፣ የቱን እንደሚጫን፣ የቱን እንደሚተው፣ ሳይሰለች ይነግረዋል። ሰቆጣ ላይ ይስማው «ባለሙያው» የተባለው በዋሴ አፍ ነው።

ወደ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሱቅ ሄደ፤ ስልክ ያስደውላሉ። «መስመር የለም ልጄ» አሉት። ማክሰኞም ተመለሰ። «ውጭ አገር አያወጣም።» ረቡዕ ሲሄድ ስልኩ ራሱ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

«ወንድሜ ይቺን ጌም እንዴት እንደምከፍት ይንገረኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ አላስቸግርዎትም» አለ እየሳቀ።

ሴትዮዋ ፊታቸውን አዙረው፣ ማንም ያልጠየቃቸውን ጨው መስፈር ጀመሩ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። ዋሴ ሞቶ፣ እዚያው ጅዳ ተቀብሮ ሰንብቷል። መርዶው የተያዘው ዘመድ ከዝቋላ እስኪደርስ ነበር። እናታቸው ሸጌ መሬት ላይ ሲፈጠፈጡ ይስማው አላለቀሰም። «ትናንት እኮ ልደውልለት ነበር» ይል ነበር ብቻ።

በሠልስቱ ሠርካለም መጥታ ከድንኳኑ በር አጠገብ፣ ከሰው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሴቶቹ «አስከሬኑን ያየች እሷ ናት» እያሉ ይንሾካሾካሉ። ይስማው ተነሥቶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ሰኞ ዕለት ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ደኅና ነው አልሽኝ።»

«አላልሁም፣ ይስማው። መንገዱ ጎድቶኛል ነው ያልሁህ።»

አሰበው። እውነቷን ነው።

«መልእክትም ነበረው» አለች ከነጠላዋ ሥር አንድ ሲዲ እያወጣች። «ዕቃውን ሲሰጠኝ እየደጋገመ አስጠንቶኛል። ያን ቀን አፌን ብከፍት ለቅሶው ሊቀድመኝ ሆነና ዋጥ አደረግሁት። ‹ጌሞቹን ብቻ ቢገለብጥ አይከፈቱለትም፤ መጀመሪያ ሲጫኑ ዊንዶውሱ ውስጥ የተመዘገበ ነገር አላቸው። አሮጌውን ዲስክ እንዳለ፣ ከነዊንዶውሱ፣ በዚህ ሲዲ ላይ ባለው መገልበጫ ወደ አዲሱ ይገልብጠው› በለው አለኝ።»

ይስማው ሲዲውን አልተቀበለም። «ሳልጠይቀው እንዴት አወቀ?»

«እንደሚቸግርህ ገምቶ ሰውዬውን ቀድሞ ጠይቆልህ ነዋ።»

«የቱን ሰውዬ?»

«የኮምፒውተር ሱቁን ባለቤት።»

«እሱ የሚሠራበትን?»

ሠርካለም ቀና ብላ አየችው። አሁን የደነገጠችው እሷ ነበረች።

«ዋሴ ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነበር እኮ። የወደቀውም ከዚያ ነው፤ ዕቃውን በሰጠኝ በሳምንቱ። አንተ ስትደውል ከሥራ ሲወጣ እዚያ ሱቅ ሄዶ ይጠይቅልሃል። የነገሩትን እንዳይረሳ ሲሚንቶውን ተሸክሞ ሲደግመው ይውላል። እንደ ዳዊት።»

«ደንበኛ ቆሞብኛል ይለኝ ነበር።»

«የሚቆመው እሱ ነው። ሌላው ደንበኛ እስኪያልቅ፣ በሩ ላይ።»

ሠርካለም ሲዲውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ይስማው እንዲህ ሲል ጠየቃት፦

«ዕቃውን ሲሰጥሽ በእጁ ነው የሰጠሽ?»

«በእጁ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልሁት።»

ይስማው በጉልበቱ ተንበረከከ። ሁለት እጆቿን ያዘና ዘርግቶ፣ መዳፎቿን አንዱን ከአንዱ እያስከተለ ሳማቸው። አልለቀቃቸውም። እናቱ ሸጌ ከፍራሹ ላይ ተነሥተው፣ እየዳሁ መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። ተራቸው እስኪደርስ ጠበቁ።