የዓይናዲስ ሮቦት

ዙሌይካ የተንዛዛ ነገር አይሆንላትም። ቅዳሜ ገበያ ባለው የጨርቅ ሱቋ፣ አንድ ደንበኛ ዋጋ ሦስቴ ከጠየቃት «ወንድሜ፣ ትገዛለህ ወይስ ታገባኛለህ?» ትለዋለች። እንዲህ ያለችው ሴት ነች እንግዲህ፣ ወንድሟ ናስር በ2006 ከሳውዲ ተባሮ ከመጣ ጀምሮ፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ የፕላስቲክ ሮቦት ሲገጣጥም ቁጭ ብላ ያየችው።

ሮቦቱ ልጆች በቴሌቪዥን እያዩ የሚያብዱለት ዓይነት ነው። ማስቲሽ አይፈልግም፤ ቁርጥራጮቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ እርስ በርስ ይገጥማሉ። ናስር ታዲያ በቀን አንዷን ብቻ በጥፍር መቁረጫ ቆርጦ ይገጥምና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሱቅ ና ሲሉት፣ «እሱን ልጨርስና»። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሉት፣ «እሱን ልጨርስና»። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ ሲደወልለት ብቻ ጓዳ ገብቶ፣ «ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው» ይልና ይዘጋል።

ከጨረሰማ ይወጣል ማለት ነው፣ አለች ዙሌይካ። አንድ ጁምዓ መስጊድ እስኪሄድ ጠብቃ የሮቦቱን ካርቶን ገለበጠችው። ቁርጥራጮቹ እንደ ሽምብራ እሸት በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንዠርግገዋል። እሸት መሸምጠጥ ደግሞ ለእሷ ማን ያስተምራታል! ፍሬውን ሸምጥጣ ሸምጥጣ ሰፌድ ሞላች፤ በባዶው ዘንግ ከሰል አቀጣጠለችበት። እንዴት ነደደላት! ወጧን ጥዳ ደስ ብሏት ጠበቀችው።

ናስር ገብቶ ሰፌዱን አየ። «ዘንጎቹስ?»

«አቃጠልኳቸው። ምን ያደርጉልሃል?»

«እታለም፣ ቁጥሩ እኮ ያለው እነሱ ላይ ነው። ፍሬው ላይ ምንም አልተጻፈም።» የመመሪያውን ወረቀት ዘርግቶ አሳያት። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የሚናገረው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ሰፌዱ ላይ ደግሞ የሚመሳሰል ነጭ ፕላስቲክ ተከምሯል። ዙሌይካ ደነገጠች።

«ሌላ እንገዛለን።»

«የእኔ አይደለም። የአንዱዓለም ነው።»

አንዱዓለምን በስም ታውቀዋለች፤ ጅዳ ከናስር ጋር ይኖር የነበረ፣ የጎረቤቷ ከተማ የጠዳ ልጅ ነው። ለሴት ልጁ ለዓይናዲስ፣ «ገጣጥሜ፣ አቁሜ ነው የማመጣልሽ» ብሎ በስልክ ቃል ገብቶላት ነበር።

«ታዲያ እሱ ራሱ አይገጥምላትም?»

«ሞቷል እኮ። ልንመለስ አምስት ቀን ሲቀረን፣ ታሞ፣ እጄ ላይ። ቅዳሜ የሚደውሉት እናቱ ናቸው።»

ዙሌይካ አፏን ያዘች። ሁለት ወር ሙሉ! «እና ደህና ነው እያልክ? ናስር፣ አላህን አትፈራም?»

«ባዶ እጄን ምን ብዬ ልሂድ? ሲቆም ይዤው እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ማለቁን ፈራሁት።»

ተናዳለች፤ ግን ከሰሉን አየችና አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱም ሰፌዱ ላይ አቀርቅረው ፍሬውን ከሥዕሉ ጋር ማመሳሰል ያዙ። እስከ ቅዳሜ ረፋድ ከቀረው አካሉ አንድ እግር እንኳ አልቆመላቸውም።

«ይቅር» አለች ዙሌይካ። «እንደ ወጉ ነገ ጎህ ሲቀድ ከጠዳ ትልልቅ ሰዎች ጋር ሆነን መርዶውን እንነግራለን። ቁርጥራጩንም ለልጅቷ እንወስዳለን።»

ስልኩ ጮኸ። ናስር ወደ ጓዳ ሊነሳ ሲል እጁን ያዘችው። «እዚሁ አናግራቸው። እመጣለሁ ብቻ በል፤ ሌላ እንዳይወጣህ።»

«እናቴ፣ ደህና አደሩ? ነገ እመጣለሁ።»

የአንዱዓለም እናት የእማማ አየለች ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። «እሰይ! ሸጋ ነው ልጄ! ምሳ ሠርቼ እጠብቃለሁ።»

«ኧረ ምሳ አይሥሩ፤ በጎህ ነው የምንመጣ።»

ዙሌይካ ቆነጠጠችው፤ ግን አምልጦታል።

«ምነው በጎህ?» አሉ እማማ አየለች። መልስም አልጠበቁ። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡ፣ ልጄ?»