ለቅሶ የደረሰው ድምፅ

1.

«አሁንም እየመራችሁ ነው?»

«በጥቂት።»

«ጥቂት ማለት?»

«የፍየል ጆሮ ታህላለች።»

«እንግዲያው ፍየሏን እሰሯት፤ ጆሮዋን ልንቆርጥ እየመጣን ነው።»

ስልኩ ተዘጋ።

2. ለሩቅ ሰው

የዘጋችው ተዋበች ናት። ከወንዙ ማዶ፣ አርብ ገበያ ላይ፣ የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረገች ትኖራለች። እኔ ጌጡ ደግሞ ከወንዙ ወዲህ፣ ሰኞ ገበያ ላይ፣ ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ሁለቱም ከተማ ይባላሉ። ማዘጋጃ ቤት ስላላቸው ነው።

ስማችንን ያወጡልን የገበያ ቀኖቻችን ናቸው። አርብ ፆም ስለሆነ እኛ እነሱን «በፆም ቀን ቅቤ የሚሸጡ» እንላቸዋለን። እነሱ ደግሞ የሰኞ ገበያ ወተት ከላም አይታለብም፣ ከወንዝ ይቀዳል ይላሉ። ጠብ አይደለም፤ እንደምን አደራችሁ እንደማለት ነው። የእኔ እናት ከዚያ ናት፣ የተዋበች አባት ከዚህ ነው። ስለዚህ ስንሰዳደብም ዘመድ እንዳንነካ ተጠንቅቀን ነው።

ዘንድሮ አንድ የውሃ ፓምፕ አስመጪ በኢንተርኔት «ደማቋ ትንሽ ከተማ» የሚል ውድድር አወጣ። ብዙ ድምፅ ላገኘችው ከተማ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርላታል፣ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕና ታንከር ይተከልላታል። ከየአገሩ ብዙ ከተሞች ገቡ። እኛ አርብ ገበያን ለመብለጥ፣ አርብ ገበያ እኛን ለመብለጥ ስንጋፋ ሌሎቹን መቼ እንዳለፍናቸው አላወቅንም። ቀና ስንል ለመጨረሻው ዙር የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ታንከሩ ግን አንድ ነው።

3. ድምፅ እንዴት ይሰጣል

ስልክ ቁጥርህን ትነግረኛለህ። እኔ ገጹ ላይ አስገባልሃለሁ። ከየት ከተማ ነህ ብሎ ይጠይቃል፤ አትዋሽ። በስልክህ ኮድ ይመጣል። ጮክ ብለህ ታነብበዋለህ። (ማንበብ የማትችል ከሆነ «መነጽሬን ረስቼ» ማለት ይፈቀዳል።) ሁለት ሣጥን ይከፈታል። አንዱን ትነካለህ።

አንድ ስልክ፣ በቀን አንድ ድምፅ። ነገ ተመልሰህ ትመጣለህ።

የቱን እንደነካህ አያለሁ። ግን እንዳላየ ነኝ።

4.

ከተማችንን ያስመዘገበችው ሲስተር ባንቺአየሁ ናት፣ የጤና ጣቢያው አዋላጅ። አገሯ ሩቅ ነው፤ እኛ ዘንድ ለሥራ ነው የመጣችው። የማዋለጃ ክፍሏ ቧንቧ አለው። ቧንቧው ውሃ ስለሌለው ሽርጧን ትሰቅልበታለች።

ስለዚህ እዚህ አገር ምጥ ሲመጣ ባል ሁለት ነገር ይዞ ይሮጣል፦ ሚስቱንና ጀሪካኑን። አንዳንዱ ጀሪካኑን ይረሳል። አንዱ ሚስቱን ረስቶ መጥቷል።

አንድ ቀን ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ መጥታ፣ ባንኮኒዬን ተደግፋ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ዝውውሬ ጸድቋል።»

«ወዴት?»

«ውሃ ወዳለበት።»

«እና ትሄጃለሽ?»

«ይህ ታንከር ከመጣ አልሄድም። ካልመጣ ግን በደረቅ እጅ ሕፃን መቀበል ሰለቸኝ። እናቶቹ አመድ የነካ ይመስል እጄን ያዩታል። እኔም እጄን እያየሁ አድራለሁ።»

አዋላጅ ከሄደች ሌላ መቼ እንደምትመጣ ጤና ጽሕፈት ቤቱም አያውቅም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ከእሷ በፊት ክፍሉ ተቆልፎ ስንት ጊዜ እንደቆየ አይቻለሁ።

5. ከማዶ የሚታየው

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ለእኛ አድልተህ ከሆነ ትንሽ ቆይ። ተዋበችን ስማት።

ተዋበች፦ እናንተስ ቢያንስ የሚደርቅ እጅ አላችሁ። እኛ ጤና ጣቢያ የለንም። ሴቶቻችን ወንዝ ተሻግረው ነው እናንተ ዘንድ የሚወልዱት።

ጌጡ፦ ታዲያ ለእኛ ምረጡና ውሃ ባለበት ይውለዱ።

ተዋበች፦ «ውሃ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ይሠራላችኋል» ተብለናል።

ጌጡ፦ ማን አላችሁ?

ተዋበች፦ ከመኪና ሳይወርድ የሚናገር ሰው።

ጌጡ፦ እና አመናችሁት?

ተዋበች፦ ወንዙ ሲሞላ የማናምነው ሰው የለም።

6.

ኔትዎርክ የለም።

7.

አረፉ።

8.

እማማ አንጓች ናቸው ያረፉት፣ የአርብ ገበያዋ የልምድ አዋላጅ። ጤና ጣቢያው ሳይሠራ በፊት በሁለቱ ከተሞች የተወለደ ሁሉ ወደዚህ ዓለም የገባው በእሳቸው እጅ ነው። እኔም፣ ተዋበችም። ሲስተር ከመጣች ወዲህ ምጥ የከበደባትን ሴት ራሳቸው ደግፈው ወንዙን ያሻግሩና በሩ ላይ ሲደርሱ «እንኪ፣ ይቺ ከእኔ አቅም በላይ ናት» ይሏት ነበር። ከዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሕፃኑን ልቅሶ ሳይሰሙ አይሄዱም።

በዕለቱ ድምፁን የምንመራው እኛ ነበርን። ውድድሩ የሚዘጋው በሠልስታቸው ቀን ነው።

የእድራችን ስብሰባ እነሆ፤ የሰማሁትን ያህል፦

ዳኛ ዘርጋው፦ ለቅሶ ቤት አጠገብ ከበሮ ይመታል?

ሁሉም፦ አይመታም።

ዳኛ ዘርጋው፦ ይኼ ምርጫ ከበሮ ነው፣ አይደለም?

(ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።)

ጌጡ፦ ከበሮ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ ሲሳይነሽ፦ ማቆም ብቻማ ምን ቁም ነገር አለው? ባዶ እጅ ለቅሶ አይኬድም።

አንድ ሰው፦ ንፍሮው ተቀቅሏል።

እትዬ ሲሳይነሽ፦ ንፍሮ ለማንም ይወሰዳል። እሳቸው እኮ እዚህ የተቀመጠውን ሁሉ ከእናቱ ሆድ የተቀበሉ ናቸው። አንተንም ዘርጋው፣ በእግርህ ልትወጣ ስትል አዙረው!

(ሳቅ። ከዚያ ለቅሶ መሆኑ ትዝ አለንና ዝም።)

ዳኛ ዘርጋው፦ እና ምን ይደረግ ነው የምትይው?

እትዬ ሲሳይነሽ፦ ድምፃችንን ይዘን እንሂድ። ሠልስቱ እስኪወጣ ሁላችንም ለአርብ ገበያ እንስጥ።

ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሲስተር፦ የምትወልድ ሴት ለቅሶ እስኪወጣ ትጠብቃለች?

ዳኛ ዘርጋው፦ ሲስተር፣ ቅር አይበልሽ፤ አንቺ የእድር አባል አይደለሽም። ግቢና አረፍ በይ።

አልገባችም።

9. ድምፅ እንዴት ይሰጣል

ነጠላህን ታዘቀዝቃለህ። ስልክ ቁጥርህን ትነግረኛለህ። «ነፍስ ይማር» ትላለህ። ኮዱን ቀስ ብለህ ታነብባለህ። አርብ ገበያ የሚለውን ትነካለህ። እንባህን ትጠርጋለህ፣ ስክሪኔንም ትጠርግልኛለህ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሰኞ ገበያን የነካች አንዲት ሴት ነበረች። ነጠላ አልለበሰችም፣ ሽርጥ ነበር ያደረገችው።

እንዳላየ ነኝ ብያለሁ።

10.

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ተዋበች ከአጠገቤ ተቀመጠች። ንፍሮ እየቆረጠመች፣ ስልኳን በነጠላዋ ከልላ አሳየችኝ። እየመሩ ነው። እንደ ፍየል ጆሮ ሳይሆን እንደ ፍየል።

«ምን አደረጋችሁ?»

«ለቅሶ ደረስን።»

«ጌጡ፣ ይኼን አሁን ማን ይመልሰዋል?»

«የሚመለስ ነገር አይደለም።»

«ለቅሶ የማይመለስበት አገር የት አለ?»

ተነሥታ ወደ እነሱ እድር ዳኛ ሄደች። ጆሮው ላይ አንሾካሾከችለት። ሰውዬው መጀመሪያ አቀረቀረ፣ ቀጥሎ ጋቢውን አስተካከለ፣ ቀጥሎ ስልኩን አወጣ።

ከዚያ ጀምሮ አርብ ገበያ ለእኛ ትሰጥ ጀመር። እኛ ደግሞ ሠልስት አልወጣምና አላቆምንም። በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዝናብ የሚመታቸው ሰዎች አይተህ ታውቃለህ? እነሱን መስለን ነበር።

«አቁሙ እንጂ!»

«እናንተ አቁሙ!»

«በእማማ አንጓች ሞት!»

«እናንተን ብሎ ቅቤ ሻጭ፣ ስትሰጡም አትጠግቡ!»

የውድድሩ አዘጋጆች መልእክት ላኩ፦

ውድ መራጮች፣ የሰኞ ገበያ ነዋሪዎች ለአርብ ገበያ፣ የአርብ ገበያ ነዋሪዎች ለሰኞ ገበያ ድምፅ እየሰጡ መሆኑን ተመልክተናል። ስህተት ከሆነ እናርማለን።

ተዋበች መለሰች፦ ስህተት አይደለም። ለቅሶ ነው።

አዘጋጆቹ፦ አልገባንም።

11. ዕርቅ

በሠልስቱ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የሁለቱ እድሮች ሽማግሌዎች መሃል ገቡ። ከምሳ በኋላ ፍርድ ሰጡ፦ ድምፁ እኩል ይሁን። ማንም ባለ ብድር አይሁን፣ ማንም አይሸነፍ።

እኔና ተዋበች እኩል እስኪሆን ድረስ የቀሩትን ሰዎች እየጠራን አስነካን። እኩል ሆነ። እልል ልንል ስንል ለቅሶ መሆኑ ትዝ አለን። ከዚያ ሽማግሌዎቹ የሁለቱንም ከተማ እድርተኞች አስማሉን፦ ከእንግዲህ ውድድሩ እስኪዘጋ ድረስ ድምፅ ሊሰጥ ስልክ የነካ ከእድር ይሰረዝ።

ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ የሚቀብርህ የለም ማለት ነው።

ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

12.

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ውድድሩ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው፣ ተዋበች ሱቄ መጣች። አብራት የእማማ አንጓች ልጅ ደብሬ ነበረች፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ። ሲስተርም ስልኳን ልትወስድ መጥታ ባንኮኒው ላይ ነበረች፤ የዕለቱን ድምፅዋን ጠዋት ሰጥታለች። ሻንጣዋን ዘግታለች፤ መኪናዋ በማግስቱ ጠዋት ነው።

«ደንቡን አንብበኸዋል?» አለችኝ ተዋበች።

«የቱን?»

«የመጨረሻውን። እኩል ከሆኑ ሽልማቱ ለከርሞ ይተላለፋል፤ ለማንም አይሰጥም።»

«ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸዋ!»

«ነገርኳቸው። "ከርሞም ይመጣል" አሉኝ።»

ሲስተር ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ደብሬ ከጉያዋ አንድ ስልክ አወጣች። ቁልፍ ያለው፣ ጀርባው እንዳይወልቅ በላስቲክ የታሰረ።

«የእማዬ ነው» አለች። «ዛሬ አልመረጠችም።»



«ደንቡ አንድ ስልክ በቀን አንድ ድምፅ ነው የሚለው» አለች ተዋበች። «ባለቤቱ በሕይወት ይኑር አይልም። እሳቸው ደግሞ አልማሉም።»

«እኛ ግን ምለናል» አልኩ።

«እኛ ምለናል። ሲስተር አልማለችም። የእድር አባል አይደለሽም ብላችኋታልኮ።»

ሲስተር ወደ ኋላ አለች። «እኔ ከነካሁት ለራሷ ነካች ትሉኛላችሁ።»

«ለራስሽ ከሆነ አትንኪው» አለች ደብሬ። «ለእሷ ከሆነ ንኪላት። አብራችሁ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እሳቸው ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?»

«እኔንጃ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ምጥ የያዛትን አቅፋ ዳር ላይ ስትቆም፣ "አርብ ገበያ ላይ በሰላም የምትወልድ ሴት አይቼ ልሙት" ትል ነበር።» ላስቲኩን አጠበቀችው። «አንቺ ልትሄጂ ነው ሲሏት ደግሞ፣ "እንግዲህ ወንዙን የምንሻገረው ወደ ማን ነው?" ብላ ዋለች።»

ሲስተር እጆቿን አየች። ከዚያ፦

«ጋሼ፣ ውሃ አለህ?»

ጀሪካኔን አንሥቼ አፈሰስኩላት። እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ጣት በጣት፣ በሩ ላይ ወላድ እንደቆመች ሁሉ። ለስልክ ይህን ያህል አያስፈልግም አላልኳትም።

እኔም ስልኬን ሰጠኋት። ቁጥሩን ደብሬ ነገረቻት። ኮዱ መጣ። ደብሬ ጮክ ብላ አነበበችው።

ገጹ ተከፈተ።

☐ ሰኞ ገበያ

☐ አርብ ገበያ

ሲስተር ጎንበስ አለች። ተዋበች ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እኔም አዞርኩ፤ የማልን ሰዎች ነን። ደብሬ ብቻ ነበረች ያየችው።

ከጀርባችን ደብሬ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማሁ።

«እማዬን መሰልሽ» አለቻት።

13. አሸናፊዋ ከተማ፦

እንዳላየ ነኝ ብያለሁ።